ጭቃ ያልነካው የአፈር ባለሙያ

ጭቃ ሳይነካ ስለ አፈር የሚያስተምር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በደርግ ዘመን ባሕር ዳር አብሬው ሠርቻለሁ። ጓድ ፈለቀ ይባላል። ከዓባይ ማዶ ገበሬዎች ማሳ ለምርመራ አፈር አምጣ ሲባል፣ ጫማውን የዋልካ ጭቃ እንዳይነካው ብሎ ከገዛ ጓሮው፣ አመድና ፍግ ከሚደፋበት ዝቆ ላከ።

«አፈር ከአፈር ምን ይለያል?» አለኝ።

«ይህ መሬት ምንም አይጎድለውም» የሚል ውጤት መጣ። ለእነዚያ ገበሬዎች የታሰበው ማዳበሪያ ለሌላ የገበሬ ማኅበር ተሰጠ። የገበሬዎቹ በቆሎ ቢጫ ሆኖ ከጉልበት ሳያልፍ ቀረ። የጓድ ፈለቀ የጓሮ በቆሎ ግን ጣሪያውን አልፎ ጎረቤት ያይ ነበር።

ከገበሬዎቹ አንዱ የሆኑትና ሊያመለክቱ ቤቱ ድረስ የመጡት ሽማግሌው አያ ይርሳው ጓሮውን ትክ ብለው አዩት።

«ለካ ምርመራው ልክ ኖሯል! አፈሩ የዚህ ነዋ! በሉ ጓድ፣ ለከርሞ በሬዎቻችንን ጠምደን እዚሁ እንመጣለን።»