የንስሐ አባት ደብዳቤ ለመንጃ ፈቃድ

ፊልጶስ፦ በጋቢ የተነሣኸውን ፎቶ አይቀበሉህም ብዬሃለሁ።

አድማሴ፦ ምነው?

ፊልጶስ፦ ጋቢ የለበሰ ሹፌር ዐይተህ ታውቃለህ?

አድማሴ፦ ኮሶዬ ላይ ያልለበሰ ዐይቼ አላውቅም።

ፊልጶስ፦ ፎቶ እኮ ነው አያ አድማሴ። ፎቶ አይበርደውም።

አድማሴ፦ እኔ ግን ስነሣ በርዶኝ ነበር።

[ጎንደር፣ መንጃ ፈቃድ የሚሰጥበት ቢሮ ግቢ። ሁለቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። አድማሴ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ታቅፏል። ፊልጶስ ከፀሐይ መነጽሩ በቀር ምንም አልያዘም።]

አያ አድማሴ ሃምሳን የተሻገረ የኮሶዬ ገበሬ ነው። ነገር ቶሎ አይገባውም ይሉታል። እውነት ነው፣ ቶሎ አይገባውም፤ አንዴ ከገባው ግን በጥማድ በሬ ቢስቡትም አይወጣለት። አምና ክረምት ባለቤቱ ሐረገወይን በጠና ታማ፣ ስድስት ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ጤና ጣቢያ ሲያወርዳት፣ እሱ ከኋላ ሲከተል ጭቃው ሦስት ጊዜ ጥሎታል። ሐረገወይን ተረፈች። እድሩም ከዚያ ወዲያ ለበሽተኛ ማመላለሻ የሚሆን አንድ ባጃጅ ገዛ። አድማሴ "እኔ ልንዳው" ብሎ ሲነሣ ሰው ሁሉ ሳቀበት። የእድሩ ዳኛ ግን አልሳቁም፤ ዓመት ሰጡት። በዓመቱ መንጃ ፈቃድ ካላመጣ ፊልጶስን ከጎንደር እንቀጥራለን አሉት። እስከዚያው ባጃጁ ላስቲክ ለብሶ በዳኛው ግቢ ቆሞ፣ የዳኛው ዶሮ የኋላ ወንበሩ ላይ ሁለት ጊዜ ጫጩት ፈልፍላበታለች። ዓመቱ የሚሞላው ዛሬ ነው።

ፊልጶስ የኮሶዬ ልጅ ነው። ጎንደር ከገባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከገባ ጀምሮ የማያውቀው ነገር የለም። አድማሴ ለመንጃ ፈቃድ ምን ምን እንደሚያስፈልግ የጠየቀው እሱኑ ነበር። ፊልጶስም ዘረዘረለት። ሥራው ከእጁ እንዳይወጣ ፈልጎ ኖሮ፣ ሽማግሌው ደንግጦ እንዲተወው አንዱን ባንዱ ላይ እየከመረ ነበር የዘረዘረለት። አድማሴ "እሺ" ብሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። ይኸው ዛሬ ፊልጶስ ምን እንደጎደለው ሊያይ አብሮት መጥቷል።

ፊልጶስ፦ እስቲ እንቁጠር። የነዋሪነት መታወቂያ?

አድማሴ፦ አለ።

ፊልጶስ፦ የልደት ቀን ተጽፎበታል? እዚህ "የአንበጣው ዓመት ተወለደ" አይሠራም።

አድማሴ፦ ተጽፏል። እናቴ "በማርያም ማግሥት ነው የወለድኩህ" ትለኝ ነበር። በየትኛዋ ማርያም እንደሆነ ስላልነገረችኝ የቀበሌው ጸሐፊ የጥቅምቷን መረጠልኝ።

ፊልጶስ፦ የሐኪም ምርመራ?

አድማሴ፦ ግድግዳው ላይ ያለውን ፊደል ንገረኝ አለችኝ፤ ነገርኳት። ከመስኮቱ ማዶ ገደሉ ላይ የሚግጡትንም ፍየሎች ቆጠርኩላት። አልጠየቀችኝም ነበር።

ፊልጶስ፦ የደም ዓይነት?

አድማሴ፦ ኦ ነው አሉኝ። ሸጋ ነው ወይ ብላቸው፣ ለሁሉም ሰው ይሆናል አሉ።

ፊልጶስ፦ [መነጽሩን እያስተካከለ] የስምንተኛ ክፍል ማስረጃ። ብዙውን ሰው የሚጥለው ይሄ ነው።

አድማሴ፦ አለ።

ፊልጶስ፦ ከየት አመጣኸው?

አድማሴ፦ ከትምህርት ቤት ነዋ። በማታ ሰባተኛን ጨርሼ ትቼው ነበር። አንተ ያስፈልጋል ስትለኝ ተመለስኩ። ከልጄ ከፅዮን ጋር ባንድ ክፍል ተቀምጠን ተፈተንን።

ፊልጶስ፦ እንዲያ በል። አስኮረጀችህ።

አድማሴ፦ ወረቀቷን በክንዷ ሸፈነችብኝ። ለእናቷ ሄጄ ብከሳት እናቷም ለሷ ፈረደች።

[ከመስኮቱ ሰው ይጠራል፤ የነሱ ተራ አልደረሰም።]

ፊልጶስ፦ የጽሑፉ ፈተና ላይ ያችን የዳገቷን ጥያቄ ምን ብለህ መለስክ? ጠባብ መንገድ ላይ አንዱ ሲወጣ አንዱ ሲወርድ ቢገናኙ ቅድሚያው ለሚወርደው ነው ብዬ ነግሬሃለሁ።

አድማሴ፦ ለሚወጣው አልኩ።

ፊልጶስ፦ የነገርኩህን ትተህ?

አድማሴ፦ ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣን አህያ ማን ያቆማል? አንዴ ከቆመ አይነሣልህም። ባዶውን የሚወርደው ነው ጥግ የሚይዝ።

ፊልጶስ፦ መኪና አህያ አይደለም አያ።

አድማሴ፦ ኮምፒውተሩ ግን ትክክል ነህ አለኝ። አህያ ሳያውቅ አይቀርም።

ፊልጶስ፦ እሺ፣ መንዳቱስ? ዛሬ ጠዋት እንዴት ሆነ?

አድማሴ፦ ደኅና ነበርኩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እስክደርስ።

ፊልጶስ፦ እዚያ ምን ሆንክ?

አድማሴ፦ ወረድኩ።

ፊልጶስ፦ ከምን?

አድማሴ፦ ከባጃጁ ነዋ። ታቦት ካለበት ደጅ እንደተቀመጡ ማለፍ አለ እንዴ? በበቅሎም አይታለፍ።

[ፊልጶስ ፊቱ ይፈካል። ሽማግሌውን ሊያጽናና ትከሻው ላይ እጁን ያደርጋል።]

ፊልጶስ፦ በፈተና መሐል ወርደህ ተሳለምክ። በቃ አለቀ አያ፣ ወድቀሃል። አርባ አራት ታቦት ባለበት ከተማ በየደጁ እየወረድክ በሽተኛውን መቼ ልታደርሰው ነው? ፈታኙ ምን አለህ?

አድማሴ፦ ያን ጊዜ ምንም አላለኝ። ከኔ ቀድሞ ወርዶ ነበር።

ፈታኙ በልጅነቱ ዲያቆን ሳይሆን አልቀረም። ሁለቱ ተሳልመው ሲመለሱ ወረቀቱን አውጥቶ፣ ጥግ ይዘህ ቆመሃል፣ የእጅ ፍሬኑን ስበሃል፣ ከመውረድህ በፊት ኋላህን ዐይተሃል እያለ ሦስት ቦታ ምልክት አደረገለት። በሽተኛ ስትጭን ግን ተቀምጠህ ተሳለም፣ ታቦቱ አይቀየምህም ብሎም መከረው። አድማሴ ይህን ሁሉ እንደነበረ ለፊልጶስ ነገረው። ፊልጶስ እጁን ከትከሻው ላይ አነሣ።

ፊልጶስ፦ የንስሐ አባት ደብዳቤስ?

አድማሴ፦ እሱ ነው ያለፋኝ። አባ ኪዳነ ማርያም "የኔ ደብዳቤ ባጃጅ ያስነሣል ወይ?" ብለው እምቢ አሉ። ሦስት እሑድ ደጅ ጠናሁ። በመጨረሻ "ጠበኛ አይደለም፣ ጾም አይገድፍም፣ መንገድ ላይ የደከመ አይቶ አያልፍም" ብለው ጽፈው ማኅተም መቱልኝ።

ፊልጶስ፦ [ወደ በሩ እያየ] ጥሩ አድርገሃል።

[መስኮቱ ይከፈታል። የመስኮቱ ሠራተኛ የትነበርሽ ብቅ ትላለች።]

የትነበርሽ፦ አቶ አድማሴ።

አድማሴ ፌስታሉን ታቅፎ ተነሣ። ቃሬዛ ተከትሎ ያን ሁሉ ጭቃ የወረደ ሰው እስከዚያች መስኮት ያለው አሥር እርምጃ ረዘመበት። የትነበርሽ ወረቀቱን አንድ በአንድ ገለጠች። ፎቶውን ዐይታ ጋቢው ያምራል አለችና አለፈች። መጨረሻ ላይ ደብዳቤው ጋ ደርሳ ቆመች፤ ደግማ አነበበችው።

የትነበርሽ፦ ይሄ ምንድን ነው አባቴ?

አድማሴ፦ የንስሐ አባቴ ደብዳቤ።

የትነበርሽ፦ እዚህ እንዲህ ያለ ነገር አንጠይቅም። ማን አምጣ አለዎት?

አድማሴ፦ [በአገጩ እያመለከተ] እሱ።

የትነበርሽ፦ [አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ] ፊልጶስ ነህ እንዴ? ምነው ጠፋ ስል ነበር። የስምንተኛ ክፍሉን ማስረጃ አመጣህልኝ?

[ፊልጶስ መነጽሩን ያወልቃል። መልሶ ያደርገዋል።]

አድማሴ፦ ታውቂዋለሽ ልጄ?

የትነበርሽ፦ አራት ዓመት ከዚህ መስኮት ስመልሰው እንዴት አላውቀው? መጀመሪያ ፎቶ ጎደለው። ፎቶውን ሲያመጣ የሐኪም ወረቀቱ ጎደለ፤ እሱን ሲያመጣ መታወቂያው ጊዜው አለፈበት። ማስረጃው ላይ ሲደርስ ቀረ። ምን ምን እንደሚያስፈልግ ከኔ ይልቅ እሱ ነው የሚያውቀው። [ወረቀት ታቀብለዋለች] እርስዎ አልፈዋል፤ እዚህ ላይ ይፈርሙ።

አድማሴ ፈረመ። ሐረገወይን ቃሬዛው ላይ ሆና "ቀስ በሉ፣ አትውደቁብኝ" ስትላቸው የነበረው ትዝ አለውና እንባው መጣ፤ በጋቢው ጫፍ ጠረገው። ደስ አለው። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ደስ ያለው ጥቂት ቀን ነው። ከግቢው ሲወጣ ፊልጶስ ከኋላው ይከተለዋል።

ፊልጶስ፦ አያ። ያን ሁሉ የዘረዘርኩልህ እንድትተወው ብዬ ነበር።

አድማሴ፦ ዐውቃለሁ።

ፊልጶስ፦ መቼ ዐወቅህ?

አድማሴ፦ የንስሐ አባት ያልከኝ ቀን። መንግሥት አባ ኪዳነ ማርያምን ምን ያደርጋቸዋል?

ፊልጶስ፦ ታዲያ ምነው ሦስት እሑድ ተመላለስክ?

አድማሴ፦ ካልከኝ ውስጥ የትኛው እውነት፣ የትኛው ውሸት እንደሆነ በምን ልለይ? ሁሉን ያሟላ ሰው አይመለስም ብዬ ነዋ። አንተ ባታስፈራራኝ መታወቂያዬን ብቻ ይዤ መጥቼ፣ ይሄን ጊዜ ሁለታችንም ተመላሾች ነበርን። እግዜር ይስጥህ።

ፊልጶስ፦ [እርምጃውን አፍጥኖ እየደረሰበት] ለእድሩ ምን ልትላቸው ነው?

አድማሴ፦ መንጃ ፈቃድ የሚፈልግ ሁሉ ፊልጶስን ይጠይቅ እላለሁ። [ጋቢውን ያጣፋል] የሚላችሁን ሁሉ አሟሉ፤ እሱ ያሟላውን ብቻ ይዛችሁ ግን እንዳትሄዱ እላቸዋለሁ።