አባ መነጽር በካውያና በካስክ መካከል የፈረዱት ፍርድ

እትዬ አከራይ በነገሡ በዘጠነኛው ዓመት፣ ባለ አሥር አምፔሩ ብሬከር ከበሩ በላይ በተሾመ በሁለተኛው፣ በአንድ ቆጣሪ ሥር ጎን ለጎን በሚተዳደሩ ሁለት ሱቆች ላይ ጨለማ ወረደ፤ ስለ አወራረዱም ሁለት ዜናዎች ተነግረዋል። በልብስ ሰፊው ዜና መሠረት፣ ጎረቤቱ ባለ ሳሎኗ ካስክ የሚባለውን ትልቅ የፀጉር ማድረቂያ በደንበኛ ራስ ላይ በደፋች ቁጥር፣ ብዙ ሳይቆይ ብሬከሩ ይወድቃል፣ የሱም ካውያ ሱሪ ላይ እንዳለ ይበርዳል። በባለ ሳሎኗ ዜና መሠረት ግን ብሬከሩ የሚወድቀው ልብስ ሰፊው ካውያውን በሰካ ቁጥር ነው፣ ደንበኛዋም ግማሽ ራሷ እርጥብ ሆኖ ትቀራለች። ሁለቱም ዜናዎች በዓይን ምስክር የጸኑ ናቸው፤ ምስክሮቹም ራሳቸው ከሳሾቹ ናቸው።

እትዬ አከራይ ብሬከሩን ለማንሣት ወንበር ላይ መውጣት ስለ ሰለቻቸው፣ ከደጃፍ ቆመው አዋጅ አስነገሩ፤ አዋጅ ነጋሪዋም ራሳቸው ነበሩ።

«ስሙ! ጉልበቴ አልቋል። ጥፋተኛው ይጣራና በወሩ መጨረሻ ሱቄን ይልቀቅልኝ። አበቃ!»

ያን ጊዜ አባ መነጽር ተነሡ። እኚህ ሰፋሬ አምፔር፣ ከፋሌ ቮልት፣ የአሥረኛ ክፍልን ፊዚክስ ሁለት ጊዜ የተማሩ (ሁለተኛው በፈቃዳቸው አልነበረም)፣ የልብስ ሰፊው ታናሽ ወንድም፣ የባለ ሳሎኗም ባል ነበሩ። እንግዲህ ካውያውን ቢኮንኑ ያሳደጋቸው ወንድማቸው ሱቁን ያጣል፤ ካስኩን ቢኮንኑ ሚስታቸው ታጣለች። «ቴስተር አምጡልኝ! ይኼ ነገር በጩኸት ሳይሆን በቁጥር ነው የሚፈታው!» ብለው አወጁና ወደ ዘመቻው ወጡ።

የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ ወንበሩን ደግፎ የያዘው ጎማ ጠጋኝ፤ ቴስተሩን ካዋሰ በኋላ ዓይኑን ከላዩ ያልነቀለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጭ፤ ፀጉሯ በቢጉዲን እንደ ተጠቀለለ የወጣች ደንበኛ፤ እንዲሁም ሱሪው እስኪተኮስለት የሳሎን ፎጣ ያገለደመ የባንክ ሠራተኛ።

ቮልቱን ለኩ፤ ሁለት መቶ ሃያ ሆነ። ካውያውን ለብቻው አሰክተው ለኩ፤ ስምንት ነጥብ ስምንት አምፔር ሳበ። ካስኩን ለብቻው ለኩ፤ አምስት ነጥብ አምስት ሳበ። ወእምዝ የወንድማቸውን ጠመኔ አንሥተው፣ ለሰው ኮት በተቆረጠ ጥቁር ጨርቅ ላይ፣ የኮቱ ባለቤት በሌለበት፣ ቮልቱን ለአምፔሩ አካፈሉት። ለካውያው ሃያ አምስት፣ ለካስኩ አርባ ደረሰ። አጠገቡም «ዋት» ብለው ጻፉ፣ ፊታቸውም እየጨፈገገ አወጁ።

«ካውያው ሃያ አምስት ዋት፣ ካስኩ አርባ ዋት። ብዙ የሚበላው ካስኩ ነው። ይቅርታ የኔ ቆንጆ፣ ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ።»

ልብስ ሰፊው መርፌውን ከከንፈሩ አውጥቶ ተነፈሰ። ሚስታቸው ግን ማበጠሪያዋን እንደ በትረ መንግሥት አንሥታ የአጸፋ አዋጅ አወጀች።

«አንተ ሰውዬ! ያ የጣሪያው አምፖል እንኳ ስልሳ ዋት ነው የሚለው! ካውያው ሃያ አምስት ከሆነማ ጋሼ ሱሪውን በአምፖል ይተኩሰዋ!»

ሕዝቡ ሁሉ ሳቀ፤ የባንክ ሠራተኛውም ሲስቅ ፎጣው ሊከዳው ነበር። አባ መነጽር ግን አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው በዚያው የኮት ጨርቅ ወለወሉ፤ ያካፈሉት የሰጣቸው ኃይልን ሳይሆን ተቃውሞን፣ ማለት ዕቃው ለኤሌክትሪኩ አልበገር የሚልበትን መጠን እንደሆነ፣ ስሙም ዋት ሳይሆን ኦም እንደሆነ ተገለጠላቸው። ተቃውሞው ያነሰው ካውያ ስለዚህ ብዙ አምፔር ያሳልፋል፤ ኃይሉን የፈለገ ሰው ግን ቮልቱን በአምፔሩ ያባዛል እንጂ አያካፍልም። «ዋት» የሚለውን በእጅጌያቸው ደምስሰው አባዙ። ካውያው አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ስድስት ዋት ሆነ፤ ካስኩ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አሥር።

አሁን ደግሞ የልብስ ሰፊው ፊት አመድ መሰለ።

ነገር ግን ሰፋሬ አምፔር ሦስተኛ ጊዜ አባዙ፤ የብሬከሩን አሥር አምፔር በዚያው ቮልት፣ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዋት። ካውያው ለብቻው ከዚያ አያልፍም፤ ካስኩም ለብቻው አያልፍም። ሲደመሩ ግን ሦስት ሺህ አንድ መቶ አርባ ስድስት ይሆናሉ። ሁለቱም ዜናዎች እውነት ነበሩ፤ ሁለቱም ከሳሾች ግማሽ ጥፋተኞች ነበሩ።

«ማንም አይወጣም! ብቻ አንድ ላይ አትሰኩ፤ በተራ ተጠቀሙ!» ተብሎ በአባ መነጽር አፍ ታወጀ፣ ሕዝቡም አጨበጨበ።

እትዬ አከራይ ግን ከቆሙበት ደጃፍ ሳይነቃነቁ የመጨረሻውን አዋጅ አወጡ። «እሺ፣ በተራ ይሁን። ሁለታችሁም ሰው የሚበዛባችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እሱስ የማን ነው? አሁኑኑ ተናገር፤ አለዚያ ሁለቱንም አስወጣና እገላገላለሁ!»

ጭብጨባው ቆመ። ወንድም አያቸው፤ ሚስት አየቻቸው። ከእርሳቸው በፊት ቮልትን በአምፔር ያባዛ ብዙ ነው፣ ከእርሳቸውም በኋላ ይነሣል፤ በታላቅ ወንድሙና በሚስቱ መካከል ቆሞ፣ ጠመኔ በእጁ ይዞ ያባዛ ግን ከወዴት ይገኛል? መዋዔ ጨለማ፣ አስታራቄ ካውያ ወካስክ፣ አባ መነጽር ጠመኔውን በክብር አስቀመጡ፤ ጉሮሯቸውንም ጠርገው እንዲህ ብለው አወጁ።

«ሒሳቡ እዚህ ጋ አልቋል። ቅዳሜ ከሰዓት የካስኩ ነው። ጋሼ፣ እንዳትቀየመኝ፤ እኔ ማታ የምገባው እሷ ጋ ነው።»