ኮፒው ለፖሊስ የተሰጠ ይቅርታ

ልጅዎ ሴት ደፈረ ተብሎ ቢታሰር መጀመሪያ የሚደውሉት ለማን ነው?

ለጠበቃ እንዳይሉኝ። እኔም ብጠየቅ ለጠበቃ እላለሁ፤ ሁለታችንም እንዋሻለን። እንዲህ ያለ ቀን የመጣበት ሰው መጀመሪያ የሚደውለው ሰው ለሚያውቅ ሰው ነው። «ጣቢያ የምታውቀው አለ?» ይላል። ቀጥሎ የልጅቷ አባት ማን እንደሆነ ያጠያይቃል፤ ቀጥሎ ሽማግሌ ይፈልጋል። ጠበቃ ትዝ የሚለን፣ ጠበሉም ሥራ ሥሩም ተሞክሮ በመጨረሻ ሐኪም ቤት ትዝ እንደሚለን ነው። ጠበቃ መያዝ ጥፋትን ማመን ይመስለናል። «ንጹሕ ከሆነ ጠበቃ ምን ያደርግለታል?» የሚል ጎረቤት በየደጁ አለ። ሽማግሌ መላክ ግን ጨዋነት ነው።

የኛ ቤት ልጅ ብሩክ ይባላል፤ የታላቅ ወንድሜ የክፍሌ የመጨረሻ ልጅ ነው። ደብረ ብርሃን ባጃጅ ይነዳል። እኔ ከአንኮበር ወጥቼ ዕድሜዬን በሰው አገር፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ ስደረድርና አለቃዬ ዞር ሲልልኝ ሳነብ ፈጅቼ በስተርጅና የተመለስኩ ሴት ነኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እሑድ እሑድ የሚደውልልኝ ብሩክ ብቻ ነበር። ሌላው ዘመድ የሚደውለው ሲቸግረው ነው፤ እሱ የሚደውለው ስለ ዝናብ ሊነግረኝ ነው። «እቴቴ፣ ዛሬ ደግሞ በረዶ ጥሎ ገብሱን አስተኛው» ይለኛል። እኔ ገብስ የለኝም። ግን ገብስ እንዳለው ሰው ስለሚያወራኝ ደስ ይለኛል።

የከሰሰችውን ልጅ ስም አልጽፍም። የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ናት። ቤተሰቧ ከምዕራብ ተፈናቅሎ ከከተማው ዳር መጠለያ ውስጥ ይኖራል፤ እሷ ምግብ ቤት ትሠራለች፤ ከሥራ ስትወጣ ብዙ ጊዜ የሚያደርሳት ብሩክ ነበር። አንድ ቀን ወደ ሌላ መንገድ ወሰደኝ ብላ ለፖሊስ ቃሏን ሰጠች፤ ብሩክ ታሰረ።

«አይዞሽ» አሉኝ ዘመዶቼ፣ «የመጠለያ ልጅ ማን ይሰማታል?» ያጽናኑኝ የነበረው በዚህ ነው።

ጠበቃ የያዝኩት እኔ ነኝ። ዘሃራ ትባላለች፤ የአልዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ናት። ወንድሜ ሲያያት ቅር አለው። «ሴት ናት፤ ደግሞም ልጅ ናት» አለኝ በጆሮዬ።

«አንተ ወንድ ነህ፣ ሽማግሌም ነህ፤ እስካሁን ምን ፈየድክ?» አልኩት።

ዘሃራ አስቀመጠችንና እንዲህ አለች። «ነገሩን የሚነግረኝ ብሩክ ነው። የነገረኝን ለእናንተ አልነግርም። የቀጠራችሁኝ እናንተ ብትሆኑም ደንበኛዬ እሱ ነው። ደግሞ እኔ ሳላውቅ የልጅቷን ቤተሰብ ማንም እንዳያናግር።»

ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ። የኛ ሰው ራሱን ሲነቀንቅ ሰምቻለሁ ማለቱ ነው፤ እሺ ማለቱ አይደለም።

በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትሎ ዘሃራ ቢሮ መጣ። ፊታቸው በርቷል። መጠለያው ድረስ ሄደው፣ ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው፣ ከልጅቷ አባት ድንኳን ፊት ተንበርክከዋል። አባትየው እርሻውንም ቤቱንም ተነጥቆ የመጣ ገበሬ ነው። ከመጣ ጀምሮ ተሰለፍ፣ ተመዝገብ፣ ነገ ና ከማለት በቀር እንደ አባወራ ያናገረው ሰው የለም። ደጁ ላይ ጨዋ ሰዎች ሲንበረከኩለት አለቀሰ፤ ይቅር አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ይህን ሲያወሩ እኔም እንባዬ መጣ።

ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ አባ ወርቁ ከጋቢያቸው ውስጥ ወረቀት አወጡ። ዘሃራ ተቀብላ አነበበችው። «ልጃችን ብሩክ በፈጸመው አስነዋሪ በደል» ብሎ ይጀምራል። ፊርማ ያለው ፈርሞበታል፤ የሌለው አሻራውን አኑሮበታል።

«አባባ፣ ይህን ከእናንተ ሌላ ያየው ሰው አለ?»

«ኧረ እኛ ደብቀን አንሠራም ልጄ። አንድ ኮፒ ለፖሊስ ሰጥተናል።»

ዘሃራ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «አድርጓል ብሎ ማን ነገራችሁ?»

«ማንም። ይቅርታ የሚጠየቀው እኮ እንዲህ ተብሎ ነው። አላጠፋንም፣ ግን ይቅር በሉን ይባላል እንዴ?»

ልክ ናቸው፤ አይባልም። በአገራችን ይቅርታ ሲለመን ጥፋቱ እንዳለ ታቅፎ ነው። ያጠፋም ያላጠፋም ጎንበስ ይላል፤ «ቀና በሉ» ይባላል፤ ነገሩ ያልፋል። ዐቃቤ ሕግ ግን ጎንበስ ያለ ሰው ሲያይ ቀና በል አይልም። ይጽፋል።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። አንኮበር ላደገ ሰው አፋፍ ምን እንደሆነ አይነገረውም።

«ልጅቷስ ምን አለች?» አለች ዘሃራ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «አባቷ ይቅር አለ እኮ።»

«እሷን ጠየቃችኋት?»

«ድንኳን ውስጥ ነበረች» አሉ አባ ወርቁ።

እኔ ደግሞ በኔ ጊዜ ጓዳ ውስጥ ነበርኩ። ሃያ ዓመቴ ነው፤ አስተማሪ ልሆን እማራለሁ። አንድ የደህና ሰው ልጅ ጠልፎ ወሰደኝ፤ በአራተኛው ቀን ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሽማግሌ መጣ፤ ድንጋይ ተሸከመ፤ አባቴ ይቅር አለ። «እሷስ?» ያለ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። ጠይቀህ ና ተብሎ የተላከው ክፍሌ ነው። እስከ ጓዳው በር መጣ፤ አየኝ፤ ሳይጠይቀኝ ተመለሰ። «ይቅር ብላለች» ሲላቸው በጆሮዬ ሰማሁ። ያኔ ከአገሬ የወጣሁት ለትምህርት ነው ይላሉ። ይበሉ።

ሽማግሌዎቹ ቢሮዋ በመጡ ማግስት ለብሩክ ስንቅ ይዤለት ጣቢያ ሄድኩ። የወረቀቱን ነገር ሰምቷል።

«እቴቴ፣ እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ከዘሃራ በቀር ማንም አልጠየቀውም። ሽማግሌዎቹ በሱ አፍ አመኑ፤ አባትየው በልጅቷ አፍ ይቅር አለ፤ ሁለቱ የጉዳዩ ባለቤቶች ዝም እንዳሉ ነገሩ አልቆ ነበር። ስንት መጽሐፍ ያነበብኩት እኔ ራሴ አልጠየቅሁትም፤ መልሱን ፈርቼ። ዳቦ ቆርሼ ሰጠሁት። ውጭው በዶፍ እየተናጠ ስለ ዝናብ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ያን ጊዜ አወቅሁ።

ዘሃራ የሽማግሌዎቹ ወረቀት ከማስረጃው እንዲወጣ ተከራከረች። የሽማግሌ ቃል የተከሳሽ ቃል አይደለም አለች፤ ተሳካላት። መንገዱ ተጠረገ፤ መካድ ይችላል። ችሎቱ ዝግ ስለነበር እኛ ውጭ አግዳሚ ላይ ተደርድረን እንጠብቃለን። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የወጣችው ልጅቷ ናት። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ሊጠጓት ሲሉ ዘሃራ ከኋላዋ ብቅ ብላ በዓይኗ አስቀመጠቻቸው።

«ብሩክ ጥፋተኛ ነኝ አለ» አለችን።

ወንድሜ ብድግ አለ። «ለዚህ ነው የቀጠርንሽ?»

«እኔ የተቀጠርኩት ማንም በሱ አፍ እንዳይናገር ነው፣ አባባ። ማመኑም መካዱም የሱ ነው። ከዚህ ወዲያ ቅጣቱ እንዲቀልለት እከራከራለሁ።»

ተከራከረችለት፤ እንደ እህት ተከራከረችለት። ቢሆንም የተፈረደበት እስራት ረጅም ነው። ይገባዋል። ቢገባውም አንጀቴን ይበላኛል።

ፍርዱ በተሰጠ ቀን ወንድሜን ከአግዳሚው አነሳሁት። ክንዱን ይዤ፣ የደብረ ብርሃን ነፋስ እንዳይመታው ጋቢውን እስከ አገጩ ሰብስቤለት፣ ቀስ እያልን ወጣን። ከግቢው ሳንርቅ ቆመ።

«እህትዓለም፣ ያኔ ጠይቄሽ ቢሆን ምን ትይ ነበር?»

አንድ ዕድሜ ሙሉ የጠበቅሁት ጥያቄ ነው። መልሱን በሁለት ቋንቋ አዘጋጅቼው ኖሬያለሁ፤ ሲመጣ ግን አጭር ሆነ። «ይቅር አልልም እል ነበር» አልኩት።

«አሁንስ? ልጄ እንኳ ጥፋቱን አመነ። እኔም ይኸው አመንኩልሽ። ወይስ ሽማግሌ ልላክብሽ?»

ግማሹን ቀልዱን ነው፤ ግማሹን ያለቅሳል። ዓይኑን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁለት። እወደዋለሁ። ብሩክንም እወደዋለሁ፤ እግሬ እስከቻለ በየሳምንቱ ሄጄ እጠይቀዋለሁ። ይቅርታ ግን ሌላ ነው። አባቴን ይቅር አላልኩም፤ ሞቷል፤ አሁንም አልልም። ወንድሜን አልልም። ብሩክን ይቅር ማለት የኔ ፋንታ አይደለም፤ ቢሆንም አልልም። ማንንም ይቅር አልልም።