ሽማግሌዎቹና የመጨረሻው ክፍል

የሚወዱት ድራማ ሊያልቅ ሲል ሰው ሁሉ ነቢይ ይሆናል። በአዘቦቱ ቀን፣ ነገ ጠዋት ታክሲ ይገኝ አይገኝ መገመት የማይችል ሰው፣ «ዘንዶው የሚሞተው በንግሥቲቱ እጅ ነው፤ ምን አለ በሉኝ!» ብሎ ይምላል። ካልተስማማችሁለት ምሳውን ይዞ ጠረጴዛ ይቀይራል። ሰው እያማሁ አይደለም፤ ምሳዋን ይዛ ጠረጴዛ የቀየረችው እኔ ነኝ።

«የጥላ ወንዝ»ን ያላየ ካለ (እንዲህ ያለ ፍጡር አለ፤ እንዲያውም አንዱን ላገባው ነው) ባጭሩ ላስረዳ። ከውጭ መጥቶ በአማርኛ የሚናገር፣ እሁድ ከሰዓት በቴሌቪዥን የሚታይ ድራማ ነው። ጥላዋን የተሰረቀች ኢዝራ የምትባል ንግሥት አለች። የሰረቃት ጠንቋይ አለ። ሲቆጣ ድምፁ የእድራችንን ዳኛ ቁርጥ የሆነ ዘንዶ አለ። ከሁሉም በላይ ግን ቀዛፊው አለ፤ ፊቱን በጭንብል ሸፍኖ፣ ቃል ሳይተነፍስ፣ ንግሥቲቱን በጀልባው ከማዶ ማዶ የሚያመላልስ። ማነው? ሦስት ዓመት ሙሉ የቂርቆስና የካዛንቺስ ሕዝብ ሰላም ያጣው በዚህ ሰው ነው። ቢያንስ እኔ የማውቀው ሕዝብ።

የእኔ ግምት የታወቀ ነው፤ ቀዛፊው ሞተ የተባለው የንግሥቲቱ አባት ነው። ማስረጃም አለኝ። አንድ ቀን ኢዝራ ጀልባው ላይ ስታስል መቅዘፉን አቁሞ ዞር ብሎ አይቷታል። ከአባት በቀር ለሳል ማን ጀልባ ያቆማል? ካዛንቺስ ያለው ቢሯችን ግን ለሁለት ተከፍሏል። ማሂ፣ አጠገቤ የምትሠራው፣ «የመጀመሪያ ፍቅረኛዋ ነው፤ ትከሻውን አታይም?» ትላለች። ደግሞ በትከሻ ፍርድ ይሰጣል እንዴ? አለቃችን አንድ ቀን ወደ ሥራችን እንድንመለስ ሊቆጣን መጥቶ፣ «ለነገሩ የጠንቋዩ መንታ ወንድም ነው» ብሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሥራው በዚያው ቀረ።

ቤት ስገባ ደግሞ አባዬ ይጠብቀኛል። ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው፤ ቂርቆስ ውስጥ የጎረቤት ልጆች ከርቀት ሲያዩት ሸሚዛቸውን ሱሪያቸው ውስጥ ይከታሉ። «ዘንዶውንና ቀዛፊውን በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ አይተሻቸው ታውቂያለሽ?» ይለኛል። አላውቅም። «እንግዲያው አንድ ናቸው» ይልና ጣቱን እንደ ጠመኔ ወደ ላይ ያነሳል።

አሁን ወደ ቢንያም ልምጣ። ቢንያም የማገባው ሰው ነው። መሐንዲስ ነው፣ ቁም ነገረኛ ነው፣ እናቱን ያከብራል። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ «ዘንዶ ያለበት ፊልም የልጆች ነው» ብሎ ያምናል። ፍቅር ብዙ ይሸፍናል፤ ይህንንም ሸፍኖልናል።

በዚያ ሳምንት ስታዲየም አካባቢ ጁስ ቤት ተቀምጠን፣ ፊቱ በደስታ እያበራ፣ «እሁድ ሽማግሌ እልካለሁ» አለኝ። ዘልዬ አቀፍኩት። እንዳቀፍኩት ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«የትኛው እሁድ?» አልኩት፣ አፌ ትከሻው ላይ እንዳለ።

«የሚመጣው ነዋ!»

እጄ ወረደ። የሚመጣው እሁድ የመጨረሻው ክፍል ነው! «ለሚቀጥለው ሳምንት ብናደርገውስ?» አልኩት በቀስታ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ሐሳብሽን ቀየርሽ?» አለኝ። ምን ልበል? ወንድ ልጅ እንዲህ አንጀት በሚበላ ዓይን እያየ «ዘንዶው ነው ምክንያቱ» ይባላል? «አባዬን እሁድ ከሰዓት አይመቸውም» አልኩት፤ ይህም እውነት ነው። ቢንያም ግን፣ ሽማግሌ እንደ ታክሲ ነው፣ ካልሞላ አይንቀሳቀስም፣ ስንት ለምኜ ነው ያሰባሰብኳቸው፣ ዋናው ሽማግሌ አቶ ተሰማም ከዚህ እሁድ በኋላ ወደ አገር ቤት ይሄዳሉ አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ ስለው ግን ያመነኝ አይመስልም፤ ጁሱን ሳይጨርስ ነው የተለያየነው።

ለአባዬ ስነግረው አንገቱን ደፋ። አንድ ልጁ ከቤት ልትወጣ ነውና ሆዱ ባባ ብዬ እንባዬ መጣ። በመጨረሻ ቀና ብሎ፣ «ስንት ሰዓት ይመጣሉ?» አለኝ። ስምንት ሰዓት አልኩት። አሰላ። «ነገር ካላበዙ ይደረሳል» አለ።

እሁድ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ግን አልደረሱም። መንገድ ተቆፍሮ ኖሮ ከሰንጋ ተራ እኛ ቤት ለመምጣት ከተማውን ዞረው፣ ነጭ ጋቢያቸውን እንዳጣፉ ሦስቱም ሳሎን ሲገቡ ድራማው ሊጀምር ምንም አልቀረውም። እኔ እንደ ወጉ ጓዳ ተደብቄ በበሩ ቀዳዳ አያለሁ። ቴሌቪዥኑ ከሽማግሌዎቹ ጀርባ ጠፍቶ ተቀምጧል። አባዬ «አረፍ በሉ» አላቸው። አቶ ተሰማ፣ ሽበታቸው የሚያስፈራ ሰው፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ጉሮሯቸውንም ጠርገው ከአያት ከቅድመ አያት ጀመሩ። ስለ ጋብቻ ክቡርነት ተናገሩ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አሉ። አባዬ ዓይኑ በትከሻቸው ላይ አልፎ የግድግዳ ሰዓቱን ያያል። ሁለተኛውን ተረት ሊጀምሩ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ «ሰጥቻለሁ» አለ።

አቶ ተሰማ ጆሯቸውን ወደ አባዬ አዘነበሉ።

«ምን አሉ?»

«ልጄን ሰጥቻለሁ። ይባርክ። ተቀመጡ።»

እስቲ አስቡት፤ በአገራችን ታሪክ የሴት አባት እንዲህ ቸኩሎ ያውቃል? የሚለመን ሰው ካልተግደረደረ ለማኙም ግራ ይገባዋል። አቶ ተሰማ አልተቀመጡም። ወደ ጓደኞቻቸው ዘንበል ብለው፣ «ምን ጉድ ቢኖርባት ነው?» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወደ አባዬ ዞረው፣ በታላቅ ትሕትና፣ «አይቀየሙኝና፣ ልጅቷ ጤነኛ ናት?» አሉ።

በሩን በርግጄ ልወጣ ምንም አልቀረኝ። ያዳነኝ እማዬ ናት። የቆሎ ሳህን ይዛ ቆማ ኖሮ፣ «ጤነኛ ናት! ፊልማቸው ሊጀምርባቸው ነው እንጂ!» አለች። አባዬ ዓይኑን ጨፈነ። የስንት ዘመን ክብሩ በአንዲት ዓረፍተ ነገር አለቀ።

አቶ ተሰማ እማዬን ትክ ብለው አዩዋት። «የቱ ፊልም?» አሉ።

«የጥላ ወን...»

ሳትጨርስ ተቀመጡ። «ታዲያ ቀድመው አይነግሩኝም!» አሉ አባዬን። «እኔስ በልቤ እግዚኦ እያልኩ አይደል የቆምኩት? ለልጁ፣ ከአገር ቤት ስመለስ ይሁን ብዬ ብነግረው፣ ሐሳቧን ሳትቀይር ቶሎ ይሂዱልኝ ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ።» ጓዳ ውስጥ ሆኜ ግንባሬን ያዝኩ። ለካ ያስቸኮልኩት እኔው ነኝ!

ቴሌቪዥኑ ተከፈተ። አባዬ ስልክ ሁሉ ይጥፋ ብሎ አዘዘ፤ ጠፋ። አቶ ተሰማ ቆሎ እየዘገኑ፣ «መቼም ቀዛፊው የሸሸው ንጉሥ መሆኑ የታወቀ ነው» አሉ።

«ንጉሥ?» አለ አባዬ። «ዘንዶው ነው እንጂ!»

«ዘንዶ ምን እጅ አለው መቅዘፊያ የሚይዝ?»

«ጥንቆላ ባለበት አገር እጅ ይጠፋል?»

ድምፅ ከፍ ከፍ አለ። አቶ ተሰማ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፤ አባዬ ጣቱን አነሳ። ዛሬ የታሰረው ዝምድና ዛሬውኑ ሊበጠስ ነው! ግን እውነቱን ልናገር? ከጓዳ ያስወጣኝ የትዳሬ ነገር አልነበረም። ሁለት ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ሲሳሳቱ መስማት አልቻልኩም። በሩን ከፍቼ፣ ፀጉሬ በቢጎዲን እንደተጠቀለለ፣ «አባቷ ነው! ስታስል አቁሞላታል እኮ!» አልኩ።

ሦስቱም ሽማግሌዎች ዞሩ። እማዬ ሳህኗን ደረቷ ላይ ያዘች። አቶ ተሰማ ከቢጎዲኔ እስከ ነጠላ ጫማዬ አይተውኝ፣ «አስተዋይ ልጅ ናት» አሉ አባዬን። «ተሳስታለች፤ ግን አስተዋይ ናት።» ጠጋ ብለውም ቦታ ሰጡኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቢንያም ሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ካፌ ቁጭ ብሎ ይደውላል። የእኔ ዝግ። የአቶ ተሰማ ዝግ። ሰው ምን ያስባል? በቃ፣ ተከለከልኩ አለ። ወጉን ጥሶ ራሱ መጣ። እማዬ በሩን ስትከፍትለት ፊቱ ለቅሶ ቤት የደረሰ ሰው ፊት ነበር። «ጋሼ፣» አለ ወደ አባዬ እየተጠጋ፣ «እኔ ልጅዎን ከልቤ...»

«እሽሽሽ!» አልነው ሁላችንም።

ኢዝራ ለመጨረሻ ጊዜ ጀልባው ላይ ወጥታ ነበርና። ቢንያም በሩ አጠገብ ካለ ዱካ ወንበር ላይ ኩምሽሽ አለ። ቀዛፊው መቅዘፊያውን አስቀመጠ። እጁን ወደ ጭንብሉ አነሳ። አባዬ የአቶ ተሰማን ጉልበት ጨምድዶ ይዟል።  በዚህ መሀል አንድም ክፍል አይቶ የማያውቀው ቢንያም፣ በየዋህነት፣ «ሰውዬው ዝም ብሎ ጀልባ ቀዛፊ አይደል እንዴ?» አለ።

 ጭንብሉ ወረደ። ከሥሩ አይተነው የማናውቀው፣ ጢሙ ያልተላጨ ሰውዬ ነበር።

«አንተ ማን ነህ?» አለች ንግሥቲቱ።

«ቀዛፊ ነኝ፣ እመቤቴ» አለ። «በወንዙ ብርድ ጥርሴን ስለሚያመኝ ነው የምሸፈነው።»

ቀዘፈ። አሻገራት። ስሞች በስክሪኑ ላይ መውረድ ጀመሩ።

 ከዚያ የሁላችንም አንገት ቀስ ብሎ ወደ ዱካው ዞረ። ቢንያም አንድ በአንድ አየን። «ምን አጠፋሁ?» አለ። ወደ እኔም ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ፈቀዱ?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩለት፤ በሙሉ ልቤ ነው ግን አልልም።

አባዬ ተነስቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። ጋቢውን አስተካክሎ፣ «አቶ ተሰማ፣» አለ፣ «ቃሌ ቃል ነው። ልጄን ሰጥቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ በሠርጉ ቀን ከዚህ ሙሽራ አጠገብ እንዳታስቀምጡኝ።»

አቶ ተሰማ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔንም» አሉ።