ጋሽ ያስታውቃል

ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት ኮታቸውን ምስማሩ ላይ እንደሰቀሉ ከልጃቸው የዶቃ ሣጥን ውስጥ አንዲት ፍሬ ያነሳሉ። በሱሪያቸው ጉልበት ይወለውሏታል፤ እፍ ይሉባታል፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዘው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩዋታል። ዶቃዋ የሽንብራ ግማሽ አታክልም። አስተያየታቸው ግን የተገለበጠ የጭነት መኪና የሚመረምር ሰው አስተያየት ነው። መርምረው ሲያበቁ ወደ ቦታዋ አይመልሷትም፤ ሌላ ክፍል ውስጥ ይጨምሯታል።

"እዚያ እኮ አልነበረችም፣ አባባ።"

"አውቃለሁ። ስህተቱም እሱ ነው።"

ጡረታ የወጣ አባት የማያውቅ ሰው የለም። መሥሪያ ቤቱ እጁን ጨብጦ፣ የግድግዳ ሰዓት ሸልሞ ሲሸኘው ከሥራ የተገላገለ ይመስለዋል። እሱ ግን የተሰናበተው ከራሱ ሥራ ብቻ ነው፤ የሰውን ሥራ ገና አልጀመረውም። አንዱ ጎረቤቱ አጥር ሲያስገነባ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል። ሌላው ሚስቱ ሽንኩርት ስትከትፍ የቢላዋ አያያዟን ያርማል። ሌላው ደግሞ መንገድ ዳር መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ካየ፣ ማንም ሳይጠራው ከኋላ ቆሞ "ና፣ ና፣ ና… በቃ!" ይላል፤ ሹፌሩን አያውቀውም፣ ሹፌሩም አላየውም።

የዶቃ ሠሪዋ አባት ከዚህ ጉባኤ አባላት መካከል ከፍ ያለ ማዕረግ አላቸው። ዕድሜያቸውን ጋራዥ ውስጥ የፈጁ የመኪና ቀለም ቀቢ ናቸው። የተጋጨ በር ይመጣል፤ ይቀጠቀጣል፣ ይቃናል፣ በስቱኮ ይለሰናል፣ ይፈገፈጋል። ከዚያ እሳቸው ይጠራሉ። አዲስ ቀለም መቀባትማ ማንም ይቀባል። የሳቸው ሙያ ፀሐይ ያጠወለገችውን፣ ዝናብ ያጠበውን የዚያን መኪና ቀለም ከነጥውልጋቱ መቀመም ነበር። ሲጨርሱ መኪናውን ደጅ አስወጥተው ይዞሩታል። አዲሱ ከአሮጌው የተጋጠመበት መስመር በዓይን ከተገኘ አንዲት ቃል ታመልጣቸዋለች፦ "ያስታውቃል!" በጋራዡ ውስጥ ከዚህ የከፋ ስድብ አልነበረም። የተሰደበው ሠራተኛ ምሳውን ሳይጨርስ የሚነሳባት ቃል ነበረች።

ጡረታ እንደወጡ ሰሞን ቤት ዋሉ። የማቀዝቀዣው በር ላይ የቆየች ጭረት ነበረች፤ ነጩን ቀምመው ደፈኗት። አሳምረው ደፈኗት። ከዚያ ወዲያ እንግዳ በመጣ ቁጥር ማቀዝቀዣው ፊት አቁመው "የት ጋ ነበረች? እስቲ አግኛት!" ይሉ ጀመር። እንግዳው የጠየቀው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ጎረቤት ሁሉ ጥሙን ችሎ መቀመጥ ተማረ። ከማቀዝቀዣው ወደ ወንበሮቹ፣ ከወንበሮቹ ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር ተሻገሩ። በመጨረሻ እናትየው ለልጃቸው ስልክ ደወሉ።

"አባትሽን ውሰጂልኝ።"

"ምን አደረጉ ደግሞ?"

"የቤቱን ዕቃ ጨርሶ ትናንት ሽበቴን ትክ ብሎ ሲያይ ነበር።"

እንዲህ ሆኖ ነው የተከበሩት ጡረተኛ ወደ ልጃቸው ሥራ ቤት የተዛወሩት። ሥራ ቤቱ በልብስ ሰፊና በቁልፍ ቀራጭ መካከል የተሸጎጠ አንድ ክፍል ነው። ወደ መንገድ የሚያይ ሰፊ መስኮት፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ግራጫ ጨርቅ የተነጠፈበት ትሪ አለው። ልጅቱ ከመስካቷ በፊት ዶቃዎቹን ትሪው ላይ ደርድራ ታያቸዋለች፤ አንዱን ታነሳለች፣ ሌላ ትተካለች፣ ርቃ ታያለች። አባቷም ርቀው ያያሉ፤ ቃላቸውንም አይነፍጓትም። ልብስ ሰፊው በግድግዳው ሽንቁር ቃሏን እየሰማ ስም አወጣላቸው። ሰፈሩ ዛሬ እውነተኛ ስማቸውን ረስቶታል። "ጋሽ ያስታውቃል ገብተዋል?" ነው የሚባለው።

ልጅቱ ለቀለሞቿ ስም ሰጥታለች፤ የንጋት ሮዝ፣ የጉም ግራጫ ትላለች። አባቷ ይህን መዝገበ ቃላት አልተቀበሉትም።

"የቱን ላቀብልሽ? የአዋላጇን መኪና ሮዝ ነው?"

"የንጋት ሮዝ ይበሉት፣ አባባ።"

"ንጋትን ቀብቼ አላውቅም። የአዋላጇን መኪና ግን ከነኮፈኑ ቀብቻለሁ።"

አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ጉትቻ ልትመርጥ ገባች። መስታወት ፊት ቆማ ይሄን ስታነሳ ያንን ስታስቀምጥ፣ አባትየው ከመነጽራቸው በላይ ጸጉሯን መመልከት ጀመሩ። ልጅቱ አየች፤ በዓይኗ ለመነቻቸው፣ በቅንድቧ አስፈራራቻቸው። አልጠቀመም።

"የጸጉርሽ ቀለም ጥሩ ነው፣ ልጄ" አሉ እንደ ሐኪም ዝግ ብለው። "ሥሩ ላይ ግን ያስታውቃል።"

ሴትዮዋ ጉትቻውን አስቀምጣ ወጣች። በሩ ከኋላዋ ጯ አለ። ልጅቱ ጠረጴዛው ላይ በግንባሯ ተደፋች፤ አባቷ "ምን አልኩ? ጥሩ ነው አላልኩም?" እያሉ ነበር። በሳምንቱ ሴትዮዋ ተመለሰች። ልጅቱን ዞር ብላም አላየቻት፤ በቀጥታ ወደ ሽማግሌው ሄዳ አናቷን ዝቅ አደረገችላቸው።

"አሁንስ፣ ጋሼ?"

ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሯት። "አሁንማ የወለደችሽም አታውቀው።"

ጉትቻውን ከነአምባሩ ገዛች። ልጅቱ ደስ ልትሰኝ ወይስ ልትናደድ እንደሚገባት አላወቀችም። እንዲህ ያለው ሰው አስቸጋሪነቱ ብዙ ጊዜ ልክ መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ከሁለት ከረጢት የተገዛ ሰማያዊ ዶቃ ቀላቅላ ስትሰካ "ይሄኛው የዚያኛው ወንድም አይደለም፣ የእንጀራ ልጅ ነው" አሏት። አላመነቻቸውም። ደጅ አውጥታ ፀሐይ ላይ ብታየው እውነትም የእንጀራ ልጅ ነው። ያን ቀን ሙሉ የሰካችውን እየፈታች ዋለች፤ እሳቸው ደግሞ ያን ቀን ሙሉ ምንም አልተናገሩም፣ ያፏጩ ነበር እንጂ።

ሆኖም የአባትና የልጅ ሙያ ለየቅል ነው። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ቀለም ከቀለም ሲያስታርቁ ኖረዋል። እሷ ደግሞ ሁለት የማይተዋወቁ ቀለሞችን ጎን ለጎን አስቀምጣ ምን እንደሚባባሉ ማየት ነው የምትወደው። ይህም ልዩነት የታወቀው፣ የከተማው ትልቅ የጌጣጌጥ ሱቅ ባለቤት የሆነች ሴት ወደ ሥራ ቤቱ የመጣች ጊዜ ነው።

እስከዚያ ድረስ ልጅቱ ለሽያጭ የምትሰካው በአብዛኛው ሌሎች በመረጡላት ቀለም ነበር። ነጋዴ ናሙና ያመጣል፤ እሷ ያንኑ እየደገመች ትሰካለች። የትልቁ ሱቅ ባለቤት ግን መንገድ ዳር ባለው መስኮቷ ብቻውን የሚቀመጥ፣ ከሥሩ የሠሪው ስም የሚጻፍበት አንድ የአንገት ጌጥ ፈለገች። "የሰው ናሙና እንዳታሳዪኝ" አለቻት። "የራስሽን ሥሪልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት መጥቼ አየዋለሁ፤ ካልወደድኩት ሌላ ሠሪ አለኝ።"

ልጅቱ ትሪዋ ፊት ብዙ ቆየች። የሰናፍጭ ቢጫ መረጠች፤ ከጎኑ የጫማ ቀለም የመሰለ ቡናማ፤ በመካከላቸው ጢስ የመሰለ ግራጫ። ረጋ ያለ፣ የተከበረ፣ ወግ ያለው ነበር። ከዚያ አንዲት ፍሬ፣ አንዲት ብቻ፣ ዓይን የምትወጋ አረንጓዴ አስገባችበት፤ ያውም መሃል ላይ አይደለም፣ ወደ ግራ፣ የትከሻው አጥንት የሚጀምርበት ላይ። ስታያት ልቧ ደንገጥ አለ። ይህ መደንገጥ የሷ ነበር፤ ማንም ናሙና አላመጣላትም።

አባቷ ከወንበራቸው ሆነው አዩት።

"ያስታውቃል።"

"ያስታውቅ።"

"ከየት መጣች ይቺ? ማን ጋበዛት?"

"እኔ።"

"ቢያንስ ወይራማ ነገር ከግራና ከቀኝ አድርጊላት፤ ቀስ ብላ ትምጣ እንጂ እንደ ሌባ በመስኮት…"

"አባባ!"

በማግስቱ ልጅቱ የብር ሽቦ ልትገዛ ወጣች። ስትመለስ አባቷ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጠዋል፤ በሁለት መነጽር፣ አንዱ በአንዱ ላይ። ጌጡን ፈትተው እንደገና ሰክተውታል። ከቢጫው ወደ አረንጓዴዋ የሚወስድ ወይራማ፣ ከወይራማው በፊት ወደ ቢጫ የሚያደላ ሌላ ወይራማ፤ አረንጓዴዋ የት ጀምራ የት እንዳለቀች አይለይም። የተጋጨ በር የደፈኑ ያህል ደፍነዋታል። ሥራው የእጃቸውን ጥበብ ይመሰክር ነበር። ማንም አይጠላው፤ ማንም ደግሞ ዞሮ አያየው።

ልጅቱ ሽቦውን እንደያዘች ቆመች።

"አባባ፣ ይሄ መኪና አይደለም" አለች። "አልተጋጨም! ያልተጋጨ ነገር ነው የጠገኑልኝ!"

አባትየው አንዱን መነጽር አወለቁ። ኮታቸውን ከምስማሩ አንስተው፣ ሳይለብሱት፣ በክንዳቸው ይዘው ወጡ። ልብስ ሰፊው "ዛሬ በጊዜ ነው ጋሼ?" ሲላቸው መንገዱን ተሻግረው ነበር።

በማግስቱ መጡ። ከሣጥኑ ምንም አላነሱም። ልጅቱ አረንጓዴዋን ወደ ቦታዋ ስትመልስ ጀርባቸውን ሰጥተው መንገዱን ያዩ ነበር። የሱቁ ባለቤት የምትመጣበት ቀን ሲደርስ ልጅቱ "አባባ፣ ዛሬ አንድ ቃል እንዳይናገሩ፤ ይማሉልኝ" አለቻቸው። ማሉ። ግድግዳው ሥር ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው።

የሱቁ ባለቤት ጌጡን አንስታ ወደ ብርሃኑ ያዘችው።

"ቢጫውና ቡናማው ግሩም ነው" አለች ሴትዮዋ። "ግራጫውም። ይቺን አረንጓዴ ብናወጣትስ? ብቻዋን… እንዴት ልበልሽ፣ ታስታውቃለች።"

ልጅቱ አባቷን ላለማየት ጣረች። እንግዲህ ሁለት ሆነዋል፤ የቀለም አዋቂውም፣ ገዢዋም። አንዲት ዶቃ ናት። ያለሷም ጌጡ መስኮት ላይ ይቀመጣል፣ ስሟም ይጻፋል። እጇ ወደ መቀሱ ሄደ።

"መቀሱን አስቀምጪ!"

አባትየው ቆመው ነበር። መሐላው ወንበሩ ላይ ቀርቷል።

"እመቤቴ" አሉ፣ "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የማያስታውቅ ቀለም ቀብቻለሁ። በዚህ ከተማ ጎዳና ስንት ሥራዬ ይሄዳል መሰለሽ! አንዱንም ማንም አይቶት አያውቅም። እንዳይታይ ነው የሠራሁት፤ ኮርቼበታለሁም። ይቺ ልጅ ግን እንዲታይ ነው የምትሠራው። እንድታስታውቅ ብላ ነው ያስገባቻት! ብታወጫት ሥራው የሷ መሆኑ ቀርቶ የኔ ይሆናል፤ የኔን ሥራ ደግሞ መስኮት ላይ አታስቀምጪውም፣ የሚያየው የለማ!"

የሱቁ ባለቤት ሽማግሌውን አየች፤ ልጅቱን አየች። ከዚያ ጌጡን አንገቷ ላይ አድርጋ ወደ መስታወቱ ዞረች። ወደ ጎን ዘንበል አለች፤ ተመለሰች። ዓይኗ በሄደ ቁጥር ወደ ግራ፣ ወደ አረንጓዴዋ ይመለስ ነበር።

"ትቆይ" አለች በመጨረሻ። "ካርዱ ላይ ማን ብዬ ላስጽፍ?"

ልጅቱ ስሟን ነገረቻት።

"ከነአባቷ ስም!" አሉ አባትየው።

ጌጡን ሊያስረክቡ አብረው ሄዱ። ልጅቱ መስኮቱ ላይ ስታስቀምጠው፣ ከሥሩ የሷም የሳቸውም ስም ያለበትን ካርድ ስታቆም፣ አባትየው ለማየት ደጅ ወጡ፤ መንገዱን ተሻግረው ከወዲያ ማዶ አዩት፤ ተመልሰው ቀረብ ብለው አዩት። ሲገቡ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። "የመንገዱ አቧራ" አሉ። ከዚያ ቀና ሲሉ፣ ከመስታወቱ በላይ ግድግዳው በቅርቡ የተጠገነበትን ቦታ አዩና ለሱቁ ባለቤት ያችኑ ቃል ነገሯት። ሴትዮዋ ቀቢውን ሦስት ጊዜ መልሳ አስጠርታው ያቃተው ቦታ ነበር። ሰኞ መጥተው ይቀቡልኝ አለች።

ሰኞ ጠዋት ልጅቱ ብቻዋን ሥራ ቤቷን ከፈተች። የፈለገችውን ቀለም ከፈለገችው ጋር ልታጋጥም፣ ማንም ላይናገራት። ትሪው ላይ ጥቁር ሰማያዊ ደረደረች፤ ከጎኑ የጡብ ቀይ። አየችው፤ ርቃ አየችው። ልብስ ሰፊው በግድግዳው በኩል "ዛሬ ምነው ጸጥ አላችሁ?" አለ። ስልኳን አንስታ ደወለች።

"አባባ፣ ጥቁር ሰማያዊ ላይ የጡብ ቀይ ባደርግ…"

"ሥራ ላይ ነኝ" አሉ አባትየው። "በምሳ ሰዓት ደውዪ።"

ዘጉት። ልጅቱ ዶቃዎቹን እንዳሉ ትታ እስከ ምሳ ሰዓት ክር ስታሰናዳ ቆየች።