መንኮራኩሬን ማን አየብኝ?

ወዳጆቼ፣ ብነግራችሁ አታምኑኝም! በካድሬ ደረት ላይ ጭቃ ወርውሬ በሰላም እቤቴ የገባሁ ሴት ነኝ።

አዎ። በደርግ ጊዜ። ካኪ በለበሰ ካድሬ ላይ!

ለምን ዛሬ ትዝ አለሽ ካላችሁኝ፣ ሰሞኑን ፌስቡኬ በሙሉ የሸክላ ኮርስ በሚወስዱ የአዲስ አበባ ልጆች ተሞልቷል። ነጭ ሽርጥ፣ በኤሌክትሪክ የሚዞር ማሽን፣ ከበስተጀርባ ለስላሳ ሙዚቃ። ጭቃው ሲንገዳገድባቸው ይስቁና ቪዲዮውን ይለቁታል። ላይኩ ይዘንባል!

እኔ ሲንገዳገድብኝ አልሳቅሁም።

ቤታችን ላሊበላ፣ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። የሷም እናት እንዲሁ። ማሽን የሚባል ነገር የለም። እናቴ ትልቅ ጋን ስትሠራ ጋኑ አይዞርም፤ የምትዞረው እሷ ናት። ጎንበስ ብላ፣ አንድ እጇን ከውስጥ አንድ እጇን ከውጭ አድርጋ፣ ትዞረዋለች፣ ትዞረዋለች። ገና ሳታረጅ ወገቧ አልቃና ብሎ ቀረ። ከመሬት ስትነሳ ጉልበቷን ይዛ ነው።

ለማያውቅ ደግሞ ልንገር። በዚያን ጊዜ በኛ አገር ሸክላ ሠሪ ማለት ቡዳ ማለት ነበር። ዓይናችን ሰው ይበላል ተባለ። በድስታችን ወጥ ይሠሩበታል፣ እኛ ስንመጣ ግን ወጡን ይከድኑታል። ሕፃን ያዘለች ሴት ስታየን ነጠላዋን በልጇ ፊት ላይ ጣል ታደርጋለች።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ የእጅ ሙያ ማኅበርም ተቋቋመ። እኔ ትንሽ ፊደል የቆጠርኩ ስለሆንኩ ለስልጠና ደሴ ተላክሁ።

ስመለስ ማን ይቻለኝ!

ከኔ ጋር በጭነት መኪና አንድ የሸክላ መንኮራኩር መጣ። ከላይ ጭቃው የሚቀመጥበት ክብ ገበታ አለው፣ ከታች በእግር የሚገፋ ከባድ ክብ እንጨት፣ ሁለቱን የሚያገናኝ የብረት ዘንግ። በእግርህ ስትገፋው እንደ እንዝርት ይሾራል። አንተ ተቀምጠህ ጭቃው ይዞርልሃል! የመጀመሪያው ቀን ሰፈሩ በሙሉ ሊያየው መጣ። እኔ መሀል ላይ ተቀምጬ እገፋለሁ፣ ሕዝቡ አፉን ከፍቶ ያየኛል። እናቴ በር ላይ ቆማ ሕዝቡን ታያለች። ያን ጊዜ ደስ ያላት መስሎኝ ነበር።

ማኅበሩን የሚከታተለው ካድሬ ጓድ ዓለሙ ይባላል፣ እዚሁ ቅርባችን ካለችው ከገነተ ማርያም የተወለደ ነው። ፈገግታ የሚባል ነገር አያውቅም። «መንኮራኩሩ ለሙከራ ነው የተሰጣችሁ» አለን። «መጥቼ አያለሁ። በትክክል ካልሠራችሁበት ወደ ፍላቂት ማኅበር ይዛወራል።»

እኔ በሆዴ «ፍላቂት ሕልም አይታ ትደር» አልኩ። እናቴን እዚያ ወንበር ላይ አስቀምጣታለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ወገቧ አንድ ቀን ያርፋል ብያለሁ።

በማግሥቱ መንኮራኩሩ ተንገዳገደ።

ትንሽ ናት። ወደ አንድ ወገን ዘም! ዘም! ጭቃው መሀሉን ለቆ እንደ ሰካራም ይወዛወዛል። ማሰሮ ልሠራ ጀምሬ የዝሆን ጆሮ የመሰለ ነገር ይወጣል።

እናቴ አንዴ አየችውና «ዓይን ነው» አለች።

አስቡት እንግዲህ! አገር በሙሉ ቡዳ የሚለን እኛ፣ «ቡዳ በላብን» እያልን ነው!

«እማዬ፣ ይሄ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ነው» አልኳት። ከደሴ የተመለስኩ ሰልጣኝ ነኛ! «ደብተራ ጋ ሄደሽ ክታብ እንዳታመጪብኝ። ይሄ ቴክኒክ ነው።»

«እሽ ልጀ» አለች። በጣም በቀላሉ እሽ አለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ይሄኔ ነው።

ቴክኒኬን ጀመርኩ። መጀመሪያ ወለሉን ጠረጠርኩ። ገበታው ላይ ውሃ የሞላ ሳህን አስቀምጬ ውሃ ልክ ሠራሁለት፤ ያዘነበለበትን እግር በጠፍጣፋ ድንጋይ አስደገፍኩት። ቀጥ አለ። ስገፋው? ዘም!

ጭቃውን ጠረጠርኩ። ደግሜ አቦካሁ፣ ጠጠር ለቀምኩ፣ መሀል ላይ በጥፊ አስተካከልኩ። ዘም! ዘም!

ዘንጉ የሚሾርበትን ኩሽኔታ ጠረጠርኩ። መንገድ ላይ የቆመ የጭነት መኪና ሾፌር ለምኜ ግራሶ አገኘሁና እስከ ክርኔ ድረስ ተለቀለቅሁ። መንኮራኩሩ አሁን ያለ ድምፅ፣ በጣም በልስላሴ ተንገዳገደ።

ዘንጉ ተጣሞ ይሆናል ብዬ ከላይ ስቤ አወጣሁትና ወደ ቀጥቃጩ አያ እሸቱ ዘንድ ተሸክሜው ሄድኩ። እሳቸውም እንደኛው ናቸው፣ ሰው ማረሻውን አስልቶ ሲወጣ ቡዳ ብሎ የሚያማቸው። ዘንጉን አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩት።

«ዘንጉስ ደህና ነው» አሉ። «የታችኛውን እንጨት ገልብጠሽ አይተሽዋል?»

«እሱ እኮ እንጨት ነው አያ፣ እንጨት ምን ይሆናል?»

አልገለበጥኩትም። ይከብዳላ! ደግሞም ደሴ ላይ ስለ እንጨቱ ምንም አላስተማሩንም።

የሚገርመው፣ ነገሩ በየቀኑ እየባሰበት መሄዱ ነው። በጠገንኩት ቁጥር ይበልጥ ይናወጣል! ደግሞ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ነጭ ሽንኩርት ይሸተኛል። እናቴ ወጥ ጥዳ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ወጥ በሌለበት ቀንም አለፍኩት። እንዲህ ዓይነት መሐንዲስ ነበርኩ!

የፈሩት ይደርሳል፣ ጓድ ዓለሙ መጣ።

ብቻውንም አይደለም። የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበርና ኮሚቴውን አስከትሎ፣ መኪናውንም ደጃፋችን አቁሞ ነው። መኪናዋ ባዶ ናት። ባዶ መኪና ለምን እንደመጣች ገብቶኛል፤ መንኮራኩሬን ልትጭን ነው።

መጀመሪያ ንግግር አደረገ። ከእንግዲህ ቡዳ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ክታብና አስማት የአድኃሪያን መሣሪያ እንደሆነ፣ ሸክላ ሠሪ ማለት የተከበረ የሠራተኛው መደብ አባል እንደሆነ ተናገረ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እናቴ ከሁሉም በላይ አጨበጨበች። አሁን ሳስበው በጣም ነበር ያጨበጨበችው።

«ጀምሪ» አለኝ።

አንድ ትልቅ ድብልብል ጭቃ ገበታው ላይ አኖርኩ። ልብ ያለው ሰው ቀስ ብሎ ይገፋል፣ አይደል? እኔ ግን ከፈጠነ አይንገዳገድም ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ ገፋሁት!

መንኮራኩሩ አበደ። ወንበሬ ተንቀጠቀጠ። ጭቃው አንዴ ወደኔ፣ አንዴ ወደ ሕዝቡ ሰገደ። ከዚያ ከገበታው ተነሳና፣ እኔ ዓይኔ እያየ፣ በረረ።

ጷ!

የጓድ ዓለሙ ደረት ላይ። ልክ ኪሱ ላይ።

እኔ «ጓድ... ጓድ...» እላለሁ።

ነገሩ መቼ አለቀና! ከታችኛው እንጨት ሥር አንድ ነገር «ቋ!» ብሎ ወደቀና እየተንከባለለ ሄዶ ከጓድ ዓለሙ ጫማ ሥር ቆመ። በጭቃ የተለሰነ፣ የጡጫ ያህል ነገር። ጭቃው ተሰነጠቀ። ከውስጡ በቆዳ የተሰፋ ክታብ፣ የማረሻ ስባሪ፣ ጤና አዳም...

ነጭ ሽንኩርትም!

እናቴ! እናቴ ሰፈሩ መጥቶ ባየኝ በዚያው ማታ ደብተራ ጋ ሄዳ፣ ክታቡን አምጥታ፣ ጋኔን ብረት ይፈራል ብላ ማረሻ ጨምራ፣ እንጨቱ ሆድ ሥር አጣብቃ፣ እኔ እንዳላይባት በጭቃ ለስናዋለች። በባለሙያ እጅ ነው የተለሰነው፣ እኔማ በምን ልየው? መንኮራኩሩ በክብደቱ ሲንገዳገድ ደግሞ «ዓይኑ በረታ» ብላ እዚያው ላይ ሌላ ትጨምርበታለች። ሲብስበት ሌላ። እኔ ከላይ እጠግናለሁ፣ እሷ ከታች ታስራለች!

ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ አየና «ይሄ ክታብ አይደለም እንዴ?» አለ።

መንኮራኩሩ ሄደ። እናቴም ልትሄድ ትችላለች። በዚያ ዘመን ሰው በትንሽ ነገር ይወሰድ ነበር፣ ይሄን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እናቴ መሬት መሬት ታያለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ጓድ ዓለሙ ዕቃውን አነሳው። በእጁ መዘነው። እናቴን አያት። እኔን አየኝ። ደረቱ ላይ ያለው ጭቃ ቀስ እያለ ወደ ቀበቶው ይወርዳል።

«ይሄ» አለ ኮስተር ብሎ፣ «የማሽኑ ሚዛን ነው። ቴክኒካዊ ጉዳይ ነው።»

«ነጭ ሽንኩርቱም?» አለ ሊቀመንበሩ።

«እሱም!»

ከዚያ በኋላ ማን ይጠይቃል? ኮሚቴው በሙሉ የገባው ለመምሰል ራሱን ነቀነቀ።

«እንደገና ሞክሪ» አለኝ።

አዲስ ጭቃ አስቀመጥኩና ገፋሁ። መንኮራኩሩ ዝም ብሎ ዞረ። ቀጥ ብሎ፣ ውሃ ቢያስቀምጡበት እንኳ የማይፈስ! ማሰሮዋ በእጄ መሀል ከፍ ከፍ አለች። እኔ እያለቀስኩ ነው የሠራኋት፣ ኮሚቴው ላብ መስሎታል።

መኪናዋ ባዶዋን ተመለሰች።

ሰዉ ሲበተን ጓድ ዓለሙ ወደ እናቴ ጠጋ ብሎ ዕቃውን በሁለት እጁ መለሰላት። እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰምቼዋለሁ።

«እናቴ፣ ማሰርዎ ካልቀረ ሁለት አርገው ይሰሩት። እኩል እኩል፣ ፊትና ኋላ። አለዚያ ይንገዳገዳል።»

«እሽ ጌታው ጓድ» አለች እናቴ።

ያን ሰው ከዚያ በኋላ አመስግኜው አላውቅም። ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ ተባለ፣ ከዚያ ወሬውም ጠፋ። የት እንዳለ ባውቅ እግሩ ሥር እወድቅ ነበር። ለካኪውም ይቅርታ እጠይቀው ነበር።

ቤት ስንገባ ግን ቁጣዬ መጣ። «እማዬ! ያን ሁሉ ጊዜ ስፈታ ስገጥም እያየሽ ዝም አልሽኝ! ለአንድ እንጨት ክታብ ይታሰራል?»

እናቴ በጣም ተገርማ አየችኝ።

«ለእንጨቱ መሰለሽ እንዴ? እንጨቱን ማን ያየዋል አንች? ሰው ሁሉ የሚያየው አንችን ነው። አንገትሽ ላይ ባስረው ትጥይው የለም?»

እውነቷን ነው፣ እጥለው ነበር።

ዕቃውን ለሁለት ከፍዬ ራሴ አሰርኩት፣ ፊትና ኋላ፣ በሚዛን መዝኜ። ከዚያ እናቴን ክንዷን ይዤ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳት።

ይኸውላችሁ ወዳጆቼ፣ የሰለጠነችው እኔ፣ ስንገዳገድ ሁሉን ነገር ፈትሼ ከሥሬ ያለውን ብቻ አልገለበጥኩም። የናንተስ እናት ምን ላይ አስራባችሁ ይሆን? ሳትሳደቡ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ!