የመጥረጊያው ልብ

[ረፋድ ነው፤ በሩ የተዘጋ ፀጉር ቤት። የቤቱ ባለቤት፣ ሰፈርተኛው «መቀስ» የሚለው ፀጉር አስተካካይ፣ በደንበኞቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ የመጥረጊያ እጀታ ጨብጧል። የልቡ ምት እየተዛባ ሲያስቸግረው ቆይቶ በቅርቡ ታክሟል። የሟች ሚስቱ ታላቅ ወንድም «ፊውዝ»፣ ጡረታ የወጣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ያንኑ መጥረጊያ በሌላው ጫፍ ይዞ ይጎትታል።]

ፊውዝ፦ ልቀቅ።

መቀስ፦ አንተ ልቀቅ።

ፊውዝ፦ መጥረግ ክልክል ነው።

መቀስ፦ ሐኪሙ የከለከለኝ ከባድ ነገር ማንሳት ነው። መጥረጊያ ምን ይከብዳል?

ፊውዝ፦ መጥረጊያው አይከብድም። የጠረግከውን ግን ታነሳለህ።

መቀስ፦ ፀጉር እኮ ነው ጋሼ።

ፊውዝ፦ ፀጉርም ሲጠራቀም ይከብዳል።

መቀስ፦ ቤቱ ተዘግቶ ከርሞ የምን ፀጉር ይጠራቀማል? አቧራ ነው።

ፊውዝ፦ አቧራማ ይብሳል። በአፍንጫህ ይገባና ልብህ ላይ ያርፋል። የተላጠ ሽቦ ላይ አቧራ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን እኔን ጠይቀኝ።

መቀስ፦ ምን ይሆናል?

ፊውዝ፦ ይነድዳል።

መቀስ፦ [እጁን ከመጥረጊያው ያነሳል] በል ውሰደው።

[ፊውዝ መጥረጊያውን ወንበሩ ላይ ያስደግፋል።]

መቀስ፦ ቁልፉን ግን ስጠኝ። ነገ እከፍታለሁ።

ፊውዝ፦ ምትህ ሳይስተካከል ቁልፍ የለም።

መቀስ፦ ደንበኞቼ አለቁ እኮ። ትናንት ጎረቤታችን ባለሱቁ ባርኔጣ አድርጎ ሰላም አለኝ። ያ ሰውዬ በዝናብም ባርኔጣ አድርጎ አያውቅም።

ፊውዝ፦ በርዶት ይሆናል።

መቀስ፦ ሌላ ቤት ተቆርጦ መጥቶ ነው። ከኋላ አየሁት፤ ማጅራቱን ፍየል የጋጠው ማሳ አስመስለውታል። እኔ እዚህ እያለሁ።

ፊውዝ፦ ለሰው ማጅራት ብለህ ልትሞት ነው?

መቀስ፦ ቤት ስቀመጥ የሚያናግረኝ የለም። ጸጥ ሲል ልቤን ብቻ ነው የምሰማው። እዚህ ስሆን ሰው ያወራል፣ መቀሱ ያወራል፣ እሱን እረሳዋለሁ።

ፊውዝ፦ እጅህን አምጣ።

[አውራ ጣቱን የመቀስ የእጅ አንጓ ላይ ይጭናል። በደንብ ለመስማት ዓይኑን ይጨፍናል።]

ፊውዝ፦ ድም… ድም… [ይጠብቃል] …ድም ድም። ይኸው። አንዱን ዘለለና ሁለቱን ደረበ።

መቀስ፦ እኔ ምንም አልተሰማኝም።

ፊውዝ፦ በሽታው ይኸው ነዋ። አለመሰማቱ።

መቀስ፦ ትናንት ተሰማኝ ስልህ «በሽታው መሰማቱ ነው» ብለኸኝ ነበር።

ፊውዝ፦ ትናንት ሌላ ቀን ነው።

መቀስ፦ ሐኪሙ እኮ አስቀድሞ ነግሮኛል። ልቤ ውስጥ በሙቀት የተተኮሰው ቦታ እስኪያገግም ሁለት ሦስት ወር አልፎ አልፎ ይዘላል፣ ይርገፈገፋል፣ አትደንግጥ አለኝ። ከቆየብህ፣ ካዞረህ ወይም ደረትህን ካመመህ ግን ቶሎ ና አለ። መዝለሉ ወንበር ላይ እንቅልፍ የወሰደው ደንበኛ ድንገት እንደሚባንነው ማለት ነው። ይባንናል፣ ዙሪያውን ያያል፣ ተመልሶ ይተኛል።

ፊውዝ፦ እሱ ሐኪም ነው፣ መስመር አያውቅም። ልብ ማለት የቤት መብራት መስመር ነው። የተሳሳተውን ሽቦ ነው ያቃጠሉብህ።

መቀስ፦ ምቱን የሚያዛባውን ቦታ ብቻ ነው የተኮሱት።

ፊውዝ፦ እኔ ሽቦ ሳቃጥል ማስጠንቀቂያ ይጻፍብኛል። ሐኪም ሲያቃጥል «ሕክምናው ተሳክቷል» ይባላል። ለመሆኑ በየት ነው የገቡት?

መቀስ፦ ነግሬሃለሁ።

ፊውዝ፦ ድገመው።

መቀስ፦ በብሽሽት።

ፊውዝ፦ ልብህ የት ነው ያለው?

መቀስ፦ ደረቴ ውስጥ።

ፊውዝ፦ ታዲያ ፎቅ ላይ ያለ አምፖል ሊቀይር መጥቶ ምድር ቤት የሚቆፍር ባለሙያ ታምናለህ?

መቀስ፦ የደም ሥሩ በዚያ በኩል ይመቻል አሉኝ። በቀጭን ቱቦ ሽቅብ ይሄዳሉ። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ እሱ አይደለም።

ፊውዝ፦ ምንድን ነው?

መቀስ፦ አላላጩ።

ፊውዝ፦ የምን አላላጭ?

መቀስ፦ ከመግባቴ በፊት ቦታው መላጨት አለበት ብሎ አንድ ጎረምሳ ነርስ መጣ። ያለ ሳሙና፣ ያለ ሙቅ ውሃ፣ ምላጩን ሽቅብ ይዞ፣ ሣር እንደሚያጭድ ሰው። «ወንድሜ፣ አምጣው እኔው ልላጨው» ብለው «አባባ ይረጋጉ» አለኝ። እኔን። ዕድሜ ልኬን የሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ ይዤ የኖርኩትን።

ፊውዝ፦ ልብህን ሊያቃጥሉ ነው፣ አንተ ስለ አላላጭ ትጨነቃለህ።

መቀስ፦ ልቤን ያየው የለም። ያንን ግን ስንት ሰው አየው።

ፊውዝ፦ እጅህን ወዲህ አድርግ። ገና አልጨረስኩም።

መቀስ፦ ጋሼ፣ ደህና ነኝ።

ፊውዝ፦ «ደህና ነኝ» የሚል ሰው አላምንም።

መቀስ፦ በእውነት ደህና…

ፊውዝ፦ እህቴም ደህና ነኝ ትል ነበር።

[መቀስ ሳይጠየቅ እጁን ይዘረጋል። ፊውዝ ያንኑ አውራ ጣት ጭኖ ዓይኑን ይጨፍናል።]

ፊውዝ፦ ድም… ድም…

[የመቀስን አፍንጫ ያሳክከዋል። ፊውዝን ላለማቋረጥ ይታገላል፤ አልሆነም። ቦታው እንዳይጠፋበት ብሎ የመጥረጊያውን እጀታ ከጣቱ ሥር ቀስ አድርጎ ያስገባለትና እጁን ያወጣል።]

ፊውዝ፦ …ድም። አየህ? ዘለለ። አሁንማ ጭራሽ ባሰበት።

መቀስ፦ [አፍንጫውን በሁለት እጁ እያከከ] ጋሼ።

ፊውዝ፦ ዝም በል። ስትናገር ይረበሻል።

መቀስ፦ ጋሼ፣ ይሄ በሽታ ይተላለፋል እንዴ?

ፊውዝ፦ አይተላለፍም። ምነው?

መቀስ፦ መጥረጊያው ይዞታል።

[ፊውዝ ዓይኑን ይገልጣል። መጥረጊያውን ያያል። የመቀስን ሁለት እጆች ያያል። አውራ ጣቱን አንስቶ የወንበሩ ክንድ ላይ ይጭናል፤ ይጠብቃል። ወደ መስተዋቱ ሄዶም ይጭናል።]

መቀስ፦ ወንበሩስ?

ፊውዝ፦ ይዘላል።

መቀስ፦ መስተዋቱ?

ፊውዝ፦ እሱም።

መቀስ፦ ቤቱ በሙሉ ታሞ ነው ለካ። እኔ ደግሞ ልክፈት እላለሁ።

ፊውዝ፦ [ከመስተዋቱ እየተመለሰ] ተለማማጆቼን የማስተምረው አንድ ነገር ነበር። ሁሉም መስመር ተበላሽቷል ካለህ፣ መስመሩን ተውና መሞከሪያህን መርምር።

መቀስ፦ መሞከሪያው የቱ ነው?

[ፊውዝ አውራ ጣቱን ያሳየዋል።]

መቀስ፦ አሃ። ሐኪም ቤት ያለችው ነርስም እንደዚያ ነው ያለችው። ምት ሲለካ በሁለት ጣት ነው፣ በአውራ ጣት ከሆነ የራስህን ነው የምትሰማው ብላኛለች።

ፊውዝ፦ ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?

መቀስ፦ አንተ የማታውቀው ነገር አለ ብዬ መች አሰብኩ?

[ፊውዝ በሁለት ጣቱ የመቀስን አንጓ ይዳስሳል።]

ፊውዝ፦ የተስተካከለ ነው። የተስተካከለ… ቆይ፣ አንድ ዘለለች።

መቀስ፦ እሷ የእኔ ናት። ተፈቅዶላታል።

ፊውዝ፦ የእኔስ?

መቀስ፦ ያንተ ፈቃድ የለውም። አንተን የተኮሰህ የለም። [ከወንበሩ ይነሳል] ና ቁጭ በል፣ ፊትህ ነጥቷል። ስላጭህ አንገትህ ላይ ያለው ሥር አንዳንዴ ቆም ይልና ደርቦ ሲዘል አያለሁ።

ፊውዝ፦ ታያለህ? እና ምነው ዝም አልክ?

መቀስ፦ ወሬ ስለምታበዛ ነው ብዬ። ሥሩም ደክሞት ያርፋል አልኩ።

ፊውዝ፦ [ይቀመጣል] ምንም የለብኝም። ደህና ነኝ።

[መቀስ በመስተዋቱ ውስጥ ያየዋል። ፊውዝ አንገቱን ይደፋል።]

መቀስ፦ እንደዚያ የሚልን ሰው አላምንም ያለው ማን ነበር?

ፊውዝ፦ …ደውልለት ለሐኪምህ።

[መቀስ ስልኩን አንስቶ ጥግ ይዞ ያወራል። ይመለሳል።]

መቀስ፦ ዛሬውኑ ይምጣ፣ በማሽን እናየዋለን አለ። ምናልባት መድኃኒት ይበቃው ይሆናል፣ ካልሆነም እንደ እኔ ይታከማል አለ። አብሬህ እሄዳለሁ። ቦርሳህንም እኔ እይዛለሁ፤ ከመጥረጊያ አይከብድም።

[ፊውዝ ከኪሱ የፀጉር ቤቱን ቁልፍ አውጥቶ የመቀስ መዳፍ ላይ ያስቀምጣል።]

ፊውዝ፦ እንደ አንተ ከሆነ… የሚገቡት ያው በምድር ቤት ነው?

መቀስ፦ በምድር ቤት ነው።

ፊውዝ፦ ያ ጎረምሳ አሁንም እዚያ ይሠራል?

መቀስ፦ ምን ይሆናል? ሣሩ አላለቀበት።

[መቀስ በሩን ከውስጥ ይቆልፋል። የመስኮቱን መጋረጃ ይስባል። ውሃ ይጥዳል፣ ሳሙናውን አረፋ እስኪያወጣ ይመታል፣ ምላጩን በመሳያው የቆዳ ጠፍር ላይ ወዲያና ወዲህ ይስላል።]

ፊውዝ፦ ምን ልታደርግ ነው? ነገ ነው የምከፍተው አላልክም?

መቀስ፦ ዛሬ ከፍቻለሁ። የሚስቴን ወንድም ለዚያ ልጅ አሳልፌ አልሰጥም፤ ቢፈልጉህም ባይፈልጉህም ተዘጋጅተህ ትገባለህ። ሱሪህን አውልቅ ጋሼ፣ የመጀመሪያው ደንበኛዬ አንተ ነህ።